የባለቤቴ ትሮምቦን

ጥቅምት 8 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣ ለልብስ ሰፊዋ እኅቴ

ይህ ወረቀት ከነቤተሰብሽ በጤና ያግኝሽ። ዓይንሽንም የስፌት መኪናሽንም ጌታ ያበርታልሽ። እኔ አለሁ፤ ቸርነቱ አላለቀብኝም።

ልጅሽ በሰላም ገብታለች። መናኸሪያ ሄጄ ስጠብቃት ገና ከአውቶቡሱ መስኮት ነው የለየኋት፤ አንገቷ ከሁሉም ተሳፋሪ በላይ ነው። መኝታዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቷ በልምምድ አዳራሻችን በኩል ስለሚከፈት ብታረፍድ ሰበብ የላትም። በልጅነቷ ያገኘችውን ኩባያና ቱቦ በከንፈሯ ጥዝዝ ስታሰኝ "ጢንዚዛ" ያልኳት እኔ አይደለሁ? ስሙ እዚህም ተከትሏት መጥቷል።

ሰው ሲጠይቅሽ በትክክል እንድትነግሪ ሥራዬን ልጻፍልሽ። የዩኒቨርሲቲውን የትንፋሽ መሣሪያ ባንድ እመራለሁ፤ እንደኔ መምራት ለሚፈልጉት ደግሞ አመራሩን አስተምራለሁ። እኔ የመጣሁት ከወታደር ባንድ ነው፤ ከስምንተኛ ክፍል በላይ ወረቀት የለኝም። ባልደረቦቼ "ዶክተር" ይባላሉ፣ እኔ "ጋሼ" እባላለሁ፤ ይበቃኛል። ክፍሌ አንድ ሕግ አለው። ባንዱ ውስጥ ተቀምጦ የማይነፋ ሰው የመሪውን በትር አይይዝም። የሰውን ትንፋሽ የሚያዝ የራሱን ትንፋሽ ዋጋ ይወቅ ብዬ ነው። እስከዛሬ ሕጉን ያስለወጠኝ የለም።

ክንዷ ረጅም ስለሆነ (እጀ ረጅም አላልኩም፣ እንዳትቀየሚኝ) ትሮምቦን መረጥኩላት፤ ያ ቱቦው እየተሳበና እየተመለሰ የሚነፋው መሣሪያ ነው። ዕቃ ቤታችን ውስጥ ሞልቷል። እኔ ግን የሟች ባለቤቴን ነው ከቤቴ አምጥቼ የሰጠኋት። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ በየዓመቱ መጀመሪያ መሣሪያውን ሁሉ በሞቀ ውሃና በሳሙና ታጥባለች፤ ይህን ግን አላስነካኋትም። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ እሑድ እሑድ ከጸሎት ስመለስ በለስላሳ ጨርቅ ውጭውን እወለውለዋለሁ እንጂ ውስጡን ውሃ አስነክቼው አላውቅም። ትንፋሿ እዚያ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሞኝነት በዪው። ልጅሽ አንሥታ የመጀመሪያውን ድምፅ ስታወጣ ግን ባዶ ቤቴ ሰው የገባበት መሰለኝ።

ሹፌሩን ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ጌታ በራችሁን ይጠብቅ።

የአክስትሽ ልጅ


ኅዳር 20 ቀን

ይድረስ ለጋሼ

እርስዎ ካሉበት ልጄ አለች ብዬ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኛ ደህና ነን። ሹፌሩ ከመንገድ ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ "ደብዳቤ መጥቷል?" ነው የሚለው። ሳነብለት ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባችው ቧንቧ ልትነፋ ነው እንዴ? ቧንቧ ሠራተኛው ጋ ባስቀጥራት እስካሁን ደመወዝ በበላች።" በማግሥቱ ግን "ልጄ ባንድ ልትመራ ነው" እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ ሲያወራ መዋሉን ረዳቱ ነገረኝ።

የባለቤትዎን መሣሪያ መስጠትዎን ሳነብ እንባዬ መጣ። እንደ ዓይንሽ ብሌን ያዥው ብዬ በስልክ አስጠንቅቄያታለሁ። "እማዬ፣ በቀን ሦስት ሰዓት ታቅፌው ነው የምውለው፤ እንደ ሕፃን አስገሳዋለሁ" አለችኝ። ቀልደኛነቷን ከአባቷ ነው የወሰደችው፤ እኔ የለሁበትም።

የማስቸግርዎት አንድ ነገር ነው፤ አይማሯት። ስታጠፋ እንደ ራስዎ ልጅ ይቆጡልኝ። አደራዬ እርስዎ ላይ ነው።

በስልክ ሳል ቢጤ ሰማሁባት። የአየር ለውጥ ነው ትላለች። ለማንኛውም ወፍራም ኮት እየሰፋሁላት ነው።

እኅትዎ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለእኅቴ

የኮቱ ስፌት እንደ ሱቅ ዕቃ ነው አሉ፤ እጅሽ ይባረክ። ቤታችሁን ሰላም ያድርገው።

ስለ ልጅሽ ትምህርት እውነቱን ልጻፍልሽ። እኔ በመጀመሪያ በትር አልሰጥም። አራት ነፊዎች አስቀምጣለሁ፤ ተማሪው ፊታቸው ቆሞ እጁን ያነሣል፣ ይተነፍሳል፣ በቃ። ሌላ ምልክት የለም። እሱ የሳበውን ያህል አየር እነሱም ይስባሉ፤ እጁ ሲወርድ ድምፁ ይወጣል። መሪ በሰው ደረት ነው የሚተነፍሰው፣ ብዬ ነው የማስተምራቸው። ልጅሽ ፊታቸው የቆመች ዕለት አራቱ ሰዎች እንደ አንድ ሰው ተነፈሱ። ሌሎቹ ተማሪዎች ይህን ለማግኘት ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል። ለእሷ አልነገርኳትም፤ አይማሯት ብለሽኛልና።

ሰሞኑን ግን ባንዱ ታመመብኝ። ደህና ሲነፉ የነበሩ ልጆች መሥመሩን ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር። ተቆጣሁ። "ቁርስ አልበላችሁም?" አልኳቸው። ክላርኔት የምትነፋ አፈ ሹል ልጅ አለች፤ "እኛማ በልተናል ጋሼ፤ የሚያጥረን ጢንዚዛ ስትመራን ነው። እርስዎ ሲመሩን ደህና ነን" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ልጅሽን ያስተዋልኳት። እጇን ስታነሣ ትከሻዋ ነው የሚነሣ፤ አየሩ ደረቷ ላይ ይቀራል፣ ወደ ታች አይወርድም። ነፊዎቹ ሲተነፍሱ የነበረው የእሷን ትንፋሽ ነው።

ከልምምድ በኋላ ማታ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያተኩሰኛል ትላለች። "ጋሼ፣ እስኪሻለኝ መንፋቱን ልተውና መምራቱን ብቻ ልማር" ብላ ጠየቀችኝ። አይሆንም አልኳት። ሕግ ሕግ ነው፤ ለዘመድ ሲሆን ይበልጥ መጥበቅ አለበት። የአዳራሹ አቧራ ሳይሆን አይቀርም ብዬ መጋረጃዎቹን አራግፈናል።

የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገርም አለ። ዲኑ ጠርቶ "የሚያዝያው ኮንሰርት ካላማረ ባንዱ ትምህርት መሆኑ ይቀርና የመዝናኛ ክበብ ይሆናል፤ አዳራሹም ለሌላ ይሰጣል" አለኝ። የመጀመሪያውን ዜማ በትሮምቦን ብቻዋን የምትከፍተው ልጅሽ ናት። ሁለተኛውንም ትመራለች።

ለዕረፍት ትመጣላችኋለች። መሣሪያው እዚህ ይቀራል፤ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሲንገላታ ማሰብ አልቻልኩም።

የአክስትሽ ልጅ


ጥር 28 ቀን

ይድረስ ለጋሼ

እንደምን ከረሙልኝ? ፈጣሪ በሄዱበት ይከተልዎት።

ጢንዚዛ ስትመጣ አላወቅኋትም። ኮቱን ለክቼ የሰፋሁት ነው፤ ትከሻው ላይ ወርዶ ተንጠለጠለ። ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና ጫማዋን የምታስር ትመስላለች። ማሰሪያ የሌለው ጫማ ነው ያደረገችው ጋሼ። አባቷ አይቶ አንዲት ቀልድ አላወጣም። እሱ ካልቀለደ ነገር አለ ማለት ነው።

ደግሞ ተመስገን፣ በሳምንቱ ትኩሳቱ ተዋት። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉም ጠፋ። ስትበላ አያድርስ ነው፤ አባቷ "መኪናዬ እንኳ ይህን ያህል ነዳጅ አትበላም" ይላል። ኩባያውን ሁሉ ጥዝዝ ስታሰኝብኝ ከርማ ቀይ ሆና ተመለሰች። እፎይ አልኩ።

በተመለሰች በሳምንቷ ስደውልላት ሳሉ ተመልሷል። ምንድን ነው ነገሩ? ቤቱ እርጥበት አለው? አዳራሹ ነው? ሟች ባለቤትዎም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እንደዚሁ ነበረች። ትዝ ይልዎታል? እኛ ዘንድ መጥታ የከረመች ጊዜ እንዴት ተሽሏት ነበር። መሣሪያዋንም ይዛ አልመጣችም፤ "ሳንባዬን ላሳርፈው" ብላ። እርስዎ ጋ ተመልሳ መንፋት ስትጀምር ነው መልሶ የጣላት። የኛ አየር የሚስማማቸው ሰዎች አሉ መሰለኝ።

እባክዎ ሐኪም ያሳዩልኝ። መልስዎን በቶሎ ይጻፉልኝ፤ ልቤ ነገሩን አልወደደውም።

እኅትዎ


የካቲት 24 ቀን

ይድረስ ለጋሼ

ጤናዎን እየለመንኩ፣ ያለፈው ደብዳቤዬ ደርሶዎት ይሆን? እርስዎ መልስ የሚያዘገዩ ሰው አይደሉም። የፖስታ ቤቷን ሠራተኛ ብጠይቃት ከዚያ አቅጣጫ የመጣ ሁሉ ታድሏል አለችኝ።

ትናንት ጢንዚዛ ስልክ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለቴ አረፈች። "እየሮጥኩ ስለመጣሁ ነው" አለች። ከኋላዋ የሚሰማው ግን አልጋ ሲጥ ሲጥ ሲል፣ ጓደኞቿም ሲስቁ ነው።

ሹፌሩ ልሂድ ልያት ይላል። ሥራ ላይ ነች አትረብሻት ብዬ ያዝኩት። ልክ ነኝ? ይንገሩኝ። ሁለት መሥመርም ቢሆን ይጻፉልኝ።

እኅትዎ


መጋቢት 12 ቀን

ለተከበርሽው እኅቴ

የሰማይና የምድር ጌታ ሰላሙን ያብዛልሽ፤ ከክፉ ይሰውርሽ፤ ባልሽን በመንገድ፣ አንቺን በቤት ይጠብቃችሁ፤ ልጃችሁንም በክንፉ ያኑርልኝ።

ደብዳቤዎችሽ ሁለቱም ደርሰውኛል። ሥራ ስለበዛ ነው የዘገየሁት። የግቢው ነርስ ልጅቷን አይታ የጉሮሮ ሽሮፕ ሰጥታታለች፤ ብርድ ነው ብላለች። ነርሷ የተማረች ናት። ትኩስ ነገር እንድትጠጣ አድርጌያለሁ፣ ከመስኮቱ አጠገብም አንሥቻታለሁ።

ስለ ባለቤቴ የጻፍሽውን አንብቤዋለሁ። አዎ፣ እናንተ ዘንድ ተሽሏት ነበር።

ኮንሰርቱ ቀርቧል። ከዚያ በኋላ ረጅም ዕረፍት ትወስዳለች፤ እኔው አመጣታለሁ። አትጨነቂ። ሹፌሩም አይድከም።

ጸልዩልን።

የአክስትሽ ልጅ


ግንቦት 9 ቀን

ጋሼ

ልጄን ይዘን ገብተናል። አውቶቡሱ ውስጥ ሦስት ወንበር ላይ አስተኝተን ነው ያመጣናት፤ አባቷ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነበር የሚነዳው።

ኮንሰርቱ ዕለት የሆነውን እርስዎ ያውቁታል። የመጀመሪያውን ዜማ ከፈተች፣ ሁለተኛውን መራች፣ ሰው እያጨበጨበላት ከመድረኩ ስትወርድ ተዝለፈለፈች። አቅፈው መኪና ውስጥ ያስገቧት እርስዎ ነዎት። ጢንዚዛ ለጠየቃት ሁሉ ይህንኑ ነው የምታወራው። "ጋሼ ባይኖር ሞቼ ነበር" ትላለች።

እርስዎ የማያውቁትና ልጽፍልዎ ያሰብኩት ሌላ ነው። ሆስፒታል ስንደርስ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ግቡ ስንልዎ አልገቡም። ውስጥ ሐኪሟ አጠገቧ ቁጭ ብላ ቀስ አድርጋ ጠየቀቻት። መቼ ነው የሚብስሽ? ከልምምድ በኋላ ማታ። መቼ ተሻለሽ? ቤት ሄጄ። "የምትነፊውን አምጡልኝ" አለች። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ይዛው መጣች። ቱቦውን ለያይተው መታጠቢያው ላይ ውሃ ሲለቁበት የወጣውን አይቼዋለሁ። አልጽፈውም። ሽታውም ከነርሶቹ አንዷን አስወጥቷታል። ሐኪሟ "ሻጋታ ነው፤ ለመንፋት አየር በሳበች ቁጥር እየገባ ሳንባዋን ሲያስቆጣው ከርሟል" አለች። እንዳለችው የተቆጣው ይድናል፣ ጠባሳ የሆነው ግን አይድንም። ትኖራለች፣ ትሄዳለች፣ ደረጃ ላይ ታርፋለች። ከእንግዲህ ምንም አትነፋም።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ግድግዳ ተደግፋ "ሁሉን አጥቤያለሁ፤ ይህን ብቻ ጋሼ አላስነካኝም" እያለች አለቀሰች። እኔ ደግሞ አጽናናኋት። በዚህ አልቀየምዎትም፤ እርስዎም በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፈውልኝ ነበር፣ እኔም አንብቤ እንባዬ መጥቷል እንጂ ይታጠብ አላልኩም። ሁለታችንም አላወቅንም።

ቤት ገብቼ ደብዳቤዎችዎን አንድ ላይ አነበብኳቸው። በጥር የጻፍኩልዎ አለ፤ ቤት ስትመጣ እንደተሻላት፣ ባለቤትዎም እንደዚሁ እንደነበረች፣ ያለ መሣሪያዋ እንደመጣች። ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። ዝም ካሉ በኋላ የጻፉልኝ ደብዳቤ እርስዎን አይመስልም።

ሹፌሩ ተይው ይላል። አልተውኩትም። መቼ ነው ያወቁት?

ጢንዚዛ አልጋዋ ላይ ሆና በማንኪያ ትመራለች። መስከረም ሲጠባ ልትመለስ ታስባለች፤ "ጋሼ ለእኔ ሲል ሕጉን ይለውጥልኛል" ትላለች። ይህን ጥያቄ መጠየቄን አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋ


ሰኔ 3 ቀን

ለእኅቴ

ሰላምታ አላበዛም፤ ባለፈው አብዝቼ ያደረግሁትን አይተሻል።

ያወቅሁት የጥር ደብዳቤሽን ያነበብኩ ዕለት ነው።

ልምምድ ሊጀመር ሲል ነው ፖስታው የደረሰኝ። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። "መሣሪያዋንም ይዛ አልመጣችም" የሚለው ላይ ስደርስ መልሼ አነበብኩት። ነገሩ ቀስ ብሎ አልገለጠልኝም፣ ባንድ ጊዜ ነው የገባኝ። ባለቤቴ ሆስፒታል በተኛች ቁጥር ይሻላት ነበር። ቤት ስትገባ ሁለት ቀን ሳትቆይ "ከንፈሬ ናፈቀው" ብላ ታነሣዋለች፤ መልሶ ይጥላታል። እኔ የቤቱን ብርድ ስረግም፣ በሩ ሥር ጨርቅ ስጎዘጉዝ ኖርኩ። ደብዳቤሽን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ወንበራቸው ላይ ሆነው ይጠብቁኝ ነበር፤ ልጅሽ ከኋላ ረድፍ ትሮምቦኑን አንሥታ ዓይኗን እጄ ላይ ተክላለች። እጄን አነሣሁ። እሷም ተነፈሰች።

በደንብ ነው የመራሁ፤ አልተሳሳትኩም።

ከዚያ በኋላ ራሴን ስጠይቅ የሰነበትኩት አንድ ነገር ነው። ዕቃ ቤት ውስጥ የታጠቡ ትሮምቦኖች ነበሩ። "ይህን አስቀምጪ፣ ያን ውሰጂ" ማለት ነበር፤ ምክንያቱን እንኳ አትጠይቀኝም ነበር። ኮንሰርቱ ነው አላልኩሽም ነበር? ዲኑ ነው፣ አዳራሹ ነው። እሱም አለበት፤ ሌላው መሣሪያ እንደዚያ አይዘምርም፣ መክፈቻው ይበላሻል ብያለሁ በልቤ። ግን ዋናው እሱ አይደለም። መሣሪያውን ከእጇ ብወስድ ባለቤቴን ምን እንደገደላት አመንኩ ማለት ነው። ካመንኩ ደግሞ እነዚያን እሑዶች ሁሉ ከጸሎት እየመጣሁ የወለወልኩት ምን እንደነበር ማመን አለብኝ። ይህን ማሰብ ከበደኝ። እንዳይከብደኝ ብዬ ልጅሽን ተውኳት። ለነርሷም ልጅቷ ለዕረፍት ቤቷ የሄደች ጊዜ ተሽሏት ነበር አላልኳትም፤ ብላት ነርሷም ይገባት ነበር። ባልሽን አትምጣ ያልኩትም ለዚሁ ነው።

ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ "አድናት" እለው ነበር። አፍሬም አላውቅም ነበር። መልሱን ሰጥቶኝ፣ ኪሴ ውስጥ ይዤው ነበር የምለምነው።

አሁን ያደረግሁትን ልንገርሽ። ለዲኑ ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ አልገባውም፤ ኮንሰርቱ አምሮ ባንዱ ተርፏል ብሎ ሊያመሰግነኝ ነበር የጠራኝ። ሥራውን ለቅቄያለሁ። መንፋት የማይችል በትር አይይዝም የሚለውን ሕግ በራሴ እጅ ሰርዤ ነው የወጣሁት። በመስከረም የምትተካኝ መምህርት ከውጭ ተምራ የመጣች ናት፤ ስለ ጢንዚዛ ነግሬያታለሁ፣ ትቀበላታለች። መሬት ላይ ሆና በማንኪያም ብትመራ ባንድ ይከተላታል፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምጽፍልሽ።

የቀረው እሷ ስለኔ የምታስበው ነው። "ጋሼ ባይኖር ሞቼ ነበር" እያለች ሐሰት ይዛ ወደ መድረክ እንድትወጣ አልፈልግም። እኔ ራሴ ፊቷ ቆሜ ልንገራት ብትዪኝ እመጣለሁ። ደጄ እንዳይደርስ ካልሽ ይህን ወረቀት አንብቢላት፤ ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳታስቀሪ። እንድትምረኝ ለምኚልኝ አልልሽም።

የትኛው እንደሚሻል አንቺ ታውቂያለሽ። መልስ ብታዘገዪ ለምን አልልሽም፤ አንቺም ወር ተኩል ጠብቀሻል።

የአክስትሽ ልጅ